ልጅ ያቦካው፦ በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ስላለው የሕፃናት መጫወቻና መሥሪያ ቦታ የቀረበ ትችት

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ስለ ሊጥ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ያልበሰለ ሰው የጀመረው ሥራ ፍጻሜው እንደማያምር ለማመልከት ነው። እኛም የተረቱን እውነትነት አንክድም። የአምስት ዓመት ልጅ ያቦካው ሊጥ በእርግጥ እንጀራ አይወጣውም። ነገር ግን ተረቱ አንድ ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል። ልጁ ሲያቦካ ሊጡ ምን እንደ ሆነ ይነግረናል እንጂ ልጁ ምን እንደ ሆነ አይነግረንም። ለራት የማይበቃው ሊጥ ለልጁ እጅ፣ ለዓይኑና ለአሳቡ ይበቃ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ተረት እስካሁን አልሰማንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ አንድ የታወቀ ሥፍራ መውረድ ነው። ሥፍራውም በአራዳና በፒያሳ አጠገብ የሚገኘው ቴዎድሮስ አደባባይ ነው። በዚህ አካባቢ ለሚያድጉ ሕፃናት፣ ይልቁንም ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት በታች ለሆኑት፣ የሚጫወቱበትና በእጃቸው የሚሠሩበት ቦታ እንዴት መሰናዳት እንደሚገባው፣ ዛሬ የሚሰናዳበትም መንገድ ጉድለቱ ምን እንደ ሆነ ለማመልከት እንሞክራለን። አሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ ብንናገር፣ የሕፃናት ቦታ ሊመዘን የሚገባው በውስጡ በተተከለው ዕቃ ብዛት ሳይሆን ልጁ በገዛ እጁ ሊያንቀሳቅሰው፣ ሊለውጠውና አፍርሶ እንደ ገና ሊሠራው በሚችለው ነገር መጠን ነው።

አደባባዩና መድፉ

ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ቀድሞው ባቡር ጣቢያ፣ ወደ ለገሃር፣ የሚወርድ ሰው ቴዎድሮስ አደባባይን በመንገዱ ላይ ያገኘዋል። በአደባባዩ ላይ የሚታየው መድፍ የሴባስቶፖል አምሳያ ነው፤ ዋናው ያለው መቅደላ አምባ ላይ ነው። ትንሽ ልጅ በዚያ ሲያልፍ ጣቱን ቀስሮ «ያ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እጁን የያዘውም ሰው «የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው።

ሴባስቶፖል ከባሕር ማዶ ተገዝቶ የመጣ ዕቃ አይደለም። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ ሆነው ምድጃ ሠርተው፣ ብረቱን አቅልጠው ያወጡት ሥራ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ይገመታል። ሥራው በአንድ ጊዜ አልተሳካም፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፎ እንደ ገና ተጀምሯል። ከተሠራም በኋላ በሰው ጉልበት ተራራና ገደል ለገደል እየተጎተተ፣ መንገዱም በፊቱ እየተጠረገ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን ወዳጡባት ወደ መቅደላ ደርሷል።

ስለዚህ አደባባዩ የሚያስታውሰው ጦርነትን ብቻ አይደለም። የሚሠሩ እጆች የተሰበሰቡበትን፣ ሙከራ ከሽፎ ሙከራ የተተካበትን አንድ የእጅ ሥራ ሠፈርም ያስታውሳል። በእርግጥ የጋፋት ሥራ የንጉሥ ትእዛዝ እንጂ ጨዋታ አልነበረም፤ የተሠራውም ነገር መግደያ ነው። ይህን አንረሳም። ሆኖም አገሪቱ «ሠርተን እንይ» ያለችበትን ቀን በሚያስታውስ አደባባይ ዙሪያ የሚያድግ ልጅ ከዚህ ሁሉ የደረሰው ድርሻ ቆሞ ማየት ብቻ መሆኑ የሚያሳዝን ይመስለናል።

የመንደሩ ጨዋታ

በአራዳና በፒያሳ የነበረው አሮጌ መንደር ለልጆች ተብሎ የተነደፈ ቦታ አልነበረውም። ቢሆንም ልጆቹ ይጫወቱ ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት አንድ የከሰል ስባሪና የተደላደለ መሬት ይበቃል። ብይ ለመጫወት በተረከዝ የሚቆፈር አፈር ያስፈልጋል። ለገበጣ በሁለት ረድፍ የተማሱ ጉድጓዶችና ጠጠሮች፣ ለእቃቃ ጭቃ፣ ቅጠልና የተጣለ ጣሳ፣ ለኳስ ደግሞ ያረጀ ካልሲና ጨርቅ ይበቃሉ። ያለቀ ጎማ ያገኘ ልጅ የሠፈሩን ቁልቁለት ራሱን መጫወቻ አድርጎታል። ልጃገረዶች በገመድ፣ በሱዚና በጠጠር ቅልልቦሽ እግራቸውንና ዓይናቸውን አሠልጥነዋል።

እነዚህን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ብንመረምር ሁለት የጋራ ጠባይ እናገኝባቸዋለን። አንደኛው፣ ሁሉም የሚታዘዝ ነገር ይፈልጋሉ፤ የሚቆፈር መሬት፣ የሚድቦለቦል ጭቃ፣ የሚጠቀለል ጨርቅ። ሁለተኛው፣ ልጁ ከመጫወቱ በፊት መጫወቻውን ይሠራል። ኳሱን የሰፋው ልጅ ኳሱ ሲፈታ እንዴት እንደሚጠግነው ያውቃል። እቃቃ የምትጫወት ሕፃን ቤቱን ትሠራለች፣ እንግዳ ትጠራለች፣ ቡና ታፈላለች፣ በመጨረሻም ሁሉን አፍርሳ ወደ ቤቷ ትገባለች። የኪነ ጥበብም የግንባታም መጀመሪያው ይኸው ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ሦስተኛም ነገር ነበረ፤ እሱም ጠባቂ ዓይን ነው። በየደጃፉ ቡና የሚያፈሉ፣ በርበሬ የሚለቅሙ፣ ልብስ የሚያሰጡ እናቶች ሥራቸውን እየሠሩ የሁሉንም ልጅ ያዩ ነበር። ልጅ የወላጁ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትም ነበረ።

ይህን ስንጽፍ የቀድሞውን ሁሉ እያሞገስን አይደለም። በዚያው መንደር ክፍት የፍሳሽ ቦይ ነበረ፤ የተሰበረ ጠርሙስ ነበረ፤ መኪናም በልጆች መካከል ያልፍ ነበር። ሴት ልጅ ጨዋታዋን ሳትጨርስ ለሥራ መጠራቷም የታወቀ ነው። ወደዚያ መንደር እንመለስ አንልም። መንደሩ ሳያውቅ ይሰጥ የነበረውን ግን ዛሬ አውቀን ልንሰጥ ይገባናል እንላለን።

አሁን ያለው ሁኔታ

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት በፒያሳና በዙሪያው ያሉ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎችም ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወሩ። በዚህ ሥራ ላይ ጠቅላላ ፍርድ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። የሚያሳስበን አንድ ነገር ነው። ቤት ሲፈርስ ስለ ምትክ ቤትና ስለ ካሣ ይነገራል፤ ቤቱ ቁጥር አለውና። ልጆች ይጫወቱበት የነበረው የሠፈር መሬት ግን ቁጥርም ካርታም የለውም። የብይ ጉድጓድ ሲደፈን ምትክ የሚጠይቅ ሰው የለም። ከቤቶቹ ጋራ የተበተነው የጎረቤት ዓይንም እንዲሁ በምንም ካሣ አይተካም።

መልካም የተደረገውን አለመናገር ደግሞ ትችት ሳይሆን ሐሜት ይሆናል። የእግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፤ ከልማቱም ጋራ ለልጆች መጫወቻ የተባሉ ቦታዎች በከተማዋ ተሠርተዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነፃ አድርጎ ለልጆች ሩጫ መክፈቱም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በየመጫወቻ ቦታውና በየመዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ በብዛት የሚታየው አሠራር ሦስት ጉድለቶች አሉበት።

የመጀመሪያው ጉድለት፣ ዕቃው ሁሉ አልቆ የመጣ መሆኑ ነው። ሸርተቴና ዥዋዥዌ ለልጅ እግርና ለልጅ ድፍረት ይጠቅማሉ፤ ይነሡ አንልም። ነገር ግን ሸርተቴ ከልጁ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወጥቶ መውረድ። ልጁ መቶ ጊዜ ቢወጣና ቢወርድ ሸርተቴው ያው ነው፤ ልጁ በዚያ መኖሩን የሚያሳይ ምልክት አይቀርበትም። ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጅ የፈራውን የስድስት ዓመት ልጅ ይሰለቸዋል።

ሁለተኛው ጉድለት የመሬቱ ነው። ንጣፍ ለጫማ ያምራል፤ ለጽዳትም ይመቻል። ለልጅ ግን ምላሽ የማይሰጥ መሬት ነው፤ አይቆፈርም፣ ውሃ አይዝም፣ ቅርጽ አይወጣውም። የወደቀ ልጅም የሚያርፍበት ይህ ድንጋይ ነው። ሣር በተተከለበት ደግሞ ሣሩ እንዳይረገጥ ይከለከላል። እንዲህ ሲሆን ቦታው የተሠራው ልጁን ለሚያይ ሰው ነው እንጂ ለልጁ አይደለም።

ሦስተኛው ጉድለት የቤት ውስጥ ነው። በብዙ መዋዕለ ሕፃናት የውጭው ግድግዳ በሠዓሊ እጅ በተሠሩ እንስሳትና ፍራፍሬዎች አሸብርቆ ይታያል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ሥዕል ማለት መምህሯ በሣለችው ብርቱካን ውስጥ ከመሥመር ሳያልፉ ቀለም መቀባት ነው። ጭቃ የለም፣ ውሃ የለም፣ የሚቆረጥና የሚጣበቅ ነገር ተቆልፎበታል። ግድግዳው ስለ ሞላ ልጁ የሠራው የሚለጠፍበት ባዶ ሥፍራ የለም።

ለዚህ መምህራኑን ብቻ መውቀስ አይገባም። ወላጅ ከሥራ መልስ ልጁን ሲቀበል የሚጠይቀው «ዛሬ ምን ሠራህ?» ብሎ ሳይሆን «እስከ ስንት ቆጠርክ? የትኛውን ፊደል ያዝክ?» ብሎ ነው። የልብሱን ጭቃ ያየች እናትም ትቆጣለች፤ ልብሱን የምታጥበው እሷ ናትና። ገንዘብ ከፋዩ ፊደል ሲፈልግ ከፍሎ የማይገዛውን ጨዋታ የሚያሰናዳ ባለ ትምህርት ቤት ማግኘት ቀላል አይሆንም። ጨዋታ ግን የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ የልጅን የዕረፍትና የመጫወት መብት ያውቃል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች።

ከሌሎች አገሮች የምናገኘው ትምህርት

ከተማ በፈረሰበትና በሚሠራበት ጊዜ ስለ ልጆች ቦታ የተጨነቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። የዴንማርኩ የመናፈሻ ነዳፊ ሴረንሰን ልጆች ከተሰናዳላቸው መጫወቻ ይልቅ ቤት በሚሠራበት ቦታ በወዳደቀው ሳንቃና ጡብ መጫወትን እንደሚመርጡ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1943፣ አገሩ በጀርመን ጦር በተያዘችበት ዘመን፣ በኮፐንሃገን አጠገብ በኤምድሩፕ ልጆች በተጣለ እንጨትና ዕቃ የፈለጉትን የሚሠሩበት ቦታ ተከፈተ። ቦታው ባዶውን አልተተወም፤ ልጆቹን የሚረዳና የሚጠብቅ አንድ ሰው ተመድቦለት ነበር። ሌዲ አለን የተባሉት እንግሊዛዊትም ይህን አይተው አሳቡን በቦምብ ወደ ፈረሰችው ወደ ለንደን ወሰዱት።

በአምስተርዳም ደግሞ አልዶ ቫን አይክ የተባለው አርክቴክት ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማው ውስጥ ሜዳ ሆነው በቀሩ ትናንሽ ቦታዎች ላይ ከ700 የሚበልጡ መጫወቻዎችን ነደፈ። ዕቃዎቹ ጥቂትና ቀላል ነበሩ፤ የአሸዋ ገንዳ፣ መዝለያ ድንጋዮች፣ መንጠላጠያ ብረቶች። አንዱም ዕቃ ለአንድ ጨዋታ ብቻ የተሠራ አልነበረም።

ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ሦስተኛው ምሳሌ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ እንዳበቃ በኢጣልያ በሬጆ ኤሚሊያ አጠገብ ያሉ የአንዲት መንደር ሰዎች ጀርመኖች ትተውት የሄዱትን አንድ ታንክ፣ ጥቂት መኪናዎችና ፈረሶች ሸጠው በገንዘቡ የሕፃናት ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለ ወጣት መምህር ይህን ሰምቶ በብስክሌት ሊያያቸው ሄደ፤ ከዚያም ዕድሜውን በሙሉ ለዚህ ሥራ ሰጠ። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማው ማዘጋጃ ቤት በተከፈቱት የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ውስጥ በጭቃ፣ በቀለም፣ በሽቦና በብርሃን የሚሠሩበት የእጅ ሥራ ክፍልና የኪነ ጥበብ ዕውቀት ያለው ረዳት የትምህርቱ ዋና ክፍል ሆኑ። ታንክ ተሸጦ መሥሪያ ክፍል ሲሆን ማየት ከመድፍ አጠገብ ለሚኖር ሰው የሚያሳስብ ነገር አለው።

የሚበጀው

እነዚህን ምሳሌዎች ያነሣነው እንዳሉ እንድንቀዳቸው አይደለም። ኮፐንሃገን ሜዳ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ ልጆችን ቤት ይዘጋል። ስለዚህ ለአካባቢው የሚስማማውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ቁልቁለቱን እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ስጦታ እንየው። በገንዘብ ከሚገዛ ማማ ይልቅ መሬቱን እየከተሩ የሚወጣ፣ የሚንከባለሉበትና የሚሸራተቱበት ጉብታ መሥራት ይቻላል። ልጅ ከትከሻው በላይ በሚወጣበት ነገር ሁሉ ሥር ግን ንጣፍ ሳይሆን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው አሸዋ ይሁን። ልጅ የሚያየውና የሚመዝነው አደጋ ያስተምረዋል፤ የማያየውን፣ የዛገ ሚስማርንና ክፍት ጉድጓድን፣ ማስወገድ ግን የእኛ ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ ከጠቅላላው ቦታ አንድ ክፍል ሳይነጠፍ ይቅር። አፈር፣ አሸዋና አንድ የውሃ ቧንቧ ይኑሩት። ከዚህም ጋራ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ይቅረቡ፤ ቀርከሃ፣ የተላገ እንጨት፣ ያለቀ ጎማ፣ ገመድ፣ ጆንያ፣ ቆርኪ፣ ካርቶን። እነዚህ ሁሉ ከመርካቶና ከየአናጢው ቤት በጥቂት ገንዘብ የሚገኙ ናቸው። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ግን ወደ አፍ የሚገባ ትንሽ ነገር የሌለበት የተለየ ጥግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ከሜዳው ጋራ የተያያዘ አንድ መሥሪያ ክፍል ይኑር። ክፍሉ ሰፊ በረንዳ ቢኖረው በክረምት ልጆቹ ዝናቡን እያዩ ይሠሩበታል። ወለሉ በውሃ የሚታጠብ፣ ጠረጴዛው በልጅ ቁመት ልክ፣ መደርደሪያው ያልተቆለፈ ይሁን፤ ግድግዳውም ባዶ ይተው። የሸክላ ጭቃ፣ ቃጫ፣ አለላና ስንደዶ ከውጭ ከሚመጣ ፕላስቲክ ይልቅ ለልጁ እጅ ብዙ ይናገራሉ። ሸክላ የሚሠሩ፣ ስፌት የሚሰፉ እናቶችም በዚህ ክፍል መምህራን እንጂ እንግዶች አይሆኑም።

አራተኛ፣ የጎረቤቱን ዓይን የሚተካ ሰው ይቀጠር፤ ለአያቶችም ጥላ ያለው መቀመጫ ይሰናዳ። ጠባቂው ዱላ ይዞ «አትንካ» የሚል ዘበኛ ሳይሆን መዶሻ አያያዝ የሚያሳይ ሰው ይሁን። ይህ ሰው ከሌለ ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ የቆሻሻ ክምር እንደሚሆን አንጠራጠርም።

በዚህ ላይ የሚነሡትን መቃወሚያዎች እናውቃለን። የፒያሳ መሬት ውድ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የምንጠይቀው ስታዲየም አይደለም፤ በየሕንፃው መካከል የሚተርፉ ትናንሽ ቦታዎች ለአምስተርዳም እንደ በቁ ለእኛም ይበቃሉ። ጭቃና አሮጌ ጎማ ያዲሱን ከተማ መልክ ያበላሻል ይባላል፤ ይህም በከፊል እውነት ነው። መልሳችን ግን አንድ ነው። የልጆች ቦታ ንጹሕና የማይለወጥ ሆኖ ከታየ ልጆች አልገቡበትም ማለት ነው። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ያለው ያው የኛው አገር ሰው ነው። ሁለቱን ተረቶች አጠገብ ላጠገብ ብናኖራቸው፣ የመጀመሪያው ስለ ራት፣ ሁለተኛው ስለ ልጅ መሆኑን እናያለን። ከተማ ሲነደፍ የመጀመሪያው ተረት ብቻ መሰማቱ ነው የኛ ቅሬታ።

በመጨረሻም ላንድ ነገር ፈቃድ እንጠይቃለን። በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ እንዲህ ያለ መሥሪያ ክፍል አንድ ቀን ቢከፈት ስሙ «ጋፋት» ይባል። በዚያ መድፍ አይቀልጥም፤ ጭቃ ይቦካል፣ ይከሽፋል፣ እንደ ገና ይቦካል። በዚያ የሚያልፍ ልጅም መድፉን አይቶ «ያ ምንድን ነው?» ሲል፣ እጁን የያዘው ሰው «ሰዎች ሠርተውት ነው፤ ና፣ አንተም የምትሠራበትን ላሳይህ» ብሎ ሊመልስለት ይችላል።